ዩኒቨርሲቲዎች የተመራቂዎቻቸው የመጀመሪያ ደንበኛ ይሁኑ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የከበረ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ አነስተኛ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት አለኝ። በርና መስኮት፣ ተደራራቢ አልጋ፣ የብሎኬት ማምረቻና የከብት መኖ መቁረጫ ማሽን እንሠራለን። ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ለተግባር ልምምድ የሚወጡ የምህንድስና ተማሪዎችንም በየዓመቱ ስለምንቀበል፣ ተማሪው ወደ ትምህርቱ ማብቂያ ሲቃረብ ምን ይዞ እንደሚመጣና ከተመረቀ በኋላ ምን እንደሚገጥመው በቅርብ ለማየት ችያለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለሥራ ፈጠራና ለተመራቂዎች ተቀጣሪነት የሚሰጡት ድጋፍ በአንድ ወሳኝ ቦታ ላይ እንደሚጎድል ስለማምንና ጉድለቱም ብዙ ተጨማሪ በጀት ሳይጠይቅ ሊሞላ እንደሚችል ስለታየኝ ነው።

በየምረቃው ሰሞን ደጋግሞ የሚነገረው፣ ወጣቱ ሥራ መጠበቁን ትቶ ሥራ ፈጣሪ እንዲሆን አስተሳሰቡን ይለውጥ የሚለው ምክር ነው። ምክሩ ክፋት የለውም። ሆኖም ወደ እኛ ከመጡት ወጣቶች መካከል መሥራት የማይፈልግ ያጋጠመኝ እጅግ ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ያጡት ሐሳባቸውን የሚሞክሩበት ማሽንና የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚገዛ ደንበኛ ነው። ሁለቱም ደግሞ በዩኒቨርሲቲዎቹ እጅ ይገኛሉ፤ ማሽኑ በየወርክሾፑ ተቆልፎበታል፣ ግዥውም በየዓመቱ በጨረታ ወጥቶ ለነባር አቅራቢዎች ይሰጣል።

የተሠራውን ሳያነሱ የቀረውን ብቻ መቁጠር ፍትሐዊ አይሆንም። በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስ ኢንተርፕረነርሺፕ ከጋራ ኮርሶቹ አንዱ ሆኖ ገብቷል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2005 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ሥራ የጀመረውና ዛሬ የኢንተርፕረነርሺፕ ልማት ኢንስቲትዩት የሚባለው ተቋም፣ ኢምፕሬቴክ የተሰኘውን የ6 ቀን ሥልጠና በአገሪቱ አስፋፍቷል፤ በዩኒቨርሲቲዎችም ውስጥ የኢንተርፕረነርሺፕ ማዕከላት እንዲኖሩ ረድቷል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ከማስተማርና ከምርምር ጎን የማኅበረሰብ አገልግሎትንና የቴክኖሎጂ ሽግግርን የዩኒቨርሲቲዎች ተግባር አድርጎ ያስቀምጣል። የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ፣ የሙያ ማበልጸጊያ ማዕከል፣ የሥራ ዐውደ ርዕይ የሚሉት ስሞች ዛሬ ለማንም ተማሪ እንግዳ አይደሉም። ሥልጠናውን የወሰዱ ወጣቶች ሐሳባቸውን በሰው ፊት ቆመው ለማስረዳት እንደማይቸገሩ እኔም አይቻለሁ፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ እነዚህ ሥራዎች በአብዛኛው የሚለኩት በሠልጣኞች ቁጥርና በተሰጠው የምስክር ወረቀት መሆኑ ላይ ነው። የቢዝነስ ዕቅድ ውድድር ይዘጋጃል፣ አሸናፊው ይሸለማል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ከዚያም የፈተናው ጊዜ ደርሶ ሁሉም ወደ ዶርሙ ይገባል። ዕቅዱን ወደ ዕቃ፣ ዕቃውንም ወደ ገበያ የሚያደርሱት ቀጣዮቹ ወራት ባለቤት የላቸውም። አንድ ማሽን ከሥዕል ተነሥቶ ደንበኛ ገንዘቡን ቆጥሮ የሚከፍልበት ደረጃ እስኪደርስ ድረስ ብዙ ጊዜ ይፈርሳል፣ ብዙ ጊዜ ይገጣጠማል። ይህ መንገድ በሥልጠና አዳራሽ ውስጥ አይታይም፤ በቢዝነስ ዕቅዱ ላይም «የምርት ማሻሻያ» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል።

ስለ ተግባር ልምምድ በሰፊው ልናገር፤ የተሻለ የማውቀው እሱን ነውና። ተማሪው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል የትብብር ደብዳቤ ይዞ ነው። ድርጅት የሚፈልገውም ራሱ ነው። ሰፊ ስም ያላቸው መሥሪያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ሲሞሉበት ወይም ሳይቀበሉት ሲቀሩ ወደ እኛ ዓይነቱ ትንሽ ቤት ይመጣል፤ አንዳንዴም ዩኒቨርሲቲው የእኛን ቤት አነስተኛነት አይቶ ልምምዱን ለመቀበል ያመነታል። በትልቅ ፋብሪካ የተመደበው ተማሪ ግን ማሽን እንዳያበላሽ ስለሚፈራለት ወራቱን በቢሮ ወረቀት በማደራጀት የሚያሳልፍበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። በእኛ ቤት የሰው ኃይል ስለሌለ በመጣበት ሳምንት ላሜራ ይለካል፣ ትራፓኖ (የብረት መብሻ) ይይዛል፣ ደንበኛም ያነጋግራል።

እነዚህ ልጆች የሚያውቁት ነገር ብዙ ነው። ምሰሶ የሚሸከመውን ጫና በስሌት ያወጣሉ፣ ሶሊድወርክስ በተባለው የኮምፒዩተር ንድፍ ፕሮግራም የሚሠሩት ሥዕል እኛ ወለል ላይ በጠመኔ ከምናሰምረው በእጅጉ ይበልጣል። ዋጋ አውጡ ሲባሉ ግን ይቸገራሉ። የብረቱን ዋጋ ይደምራሉ፤ ከላሜራው የሚተርፈውን ቁርጥራጭ፣ የኤሌክትሮዱን፣ የመብራቱን፣ የማጓጓዣውን፣ መብራት ጠፍቶ የሥራ ቀን ሲባክን የሚከፈለውን ደመወዝ ግን አያስቡትም። ቀብድ ስንት መሆን እንዳለበት፣ ደንበኛው በመሀል ሐሳቡን ቢለውጥ ኪሳራው የማን እንደሆነ፣ ተጨማሪ እሴት ታክስ በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ በላዩ ላይ የሚለውን አይተውት አያውቁም። ይህ የተማሪው ስንፍና አይደለም። ኢንተርፕረነርሺፕን የተማረው ገና አንደኛ ዓመት ላይ፣ ምን እንደሚያጠና ሳይወስን ነው፤ ሙያውን በሚማርባቸው በኋለኞቹ ዓመታት ደግሞ ስለ ዋጋ የሚጠይቀው መምህር የለም። ኮርሱ ወደ ሦስተኛው ወይም ወደ አራተኛው ዓመት ቢገፋና ከራሱ የትምህርት ክፍል ሥራ ጋር ቢያያዝ፣ የሜካኒካል ተማሪው ስለ ማሽን ዋጋ፣ የእርሻ ተማሪው ስለ እንቁላልና ወተት ወጪ፣ የሥነ ሕንፃው ተማሪ ስለ ዲዛይን ክፍያ ሊማርበት ይችላል።

የልምምዱን ክትትል በተመለከተ የታዘብኩትን ላንሣ። አማካሪ መምህሩ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ልምምዱ ሊያልቅ ሲል ነው፤ አንዳንዱም በስልክ ብቻ ይጠይቃል። መምህራኑን መውቀስ አልፈልግም፤ የትራንስፖርትና የአበል ጉዳይ አለባቸው፣ የደረጃ ዕድገታቸውም በዋነኝነት በሚያሳትሙት ጽሑፍ እንጂ ተማሪያቸው በሠራው ማሽን አይወሰንም። እንድንሞላው የሚላክልን ቅጽ ስለ ሰዓት አክባሪነት፣ ስለ ሥነ ምግባርና ስለ ትብብር ይጠይቃል። ተማሪው ምን ሠራ፣ የሠራውስ ተሸጠ ወይ፣ ደንበኛው ምን አለ የሚል ጥያቄ ግን በአንዱም ቅጽ ላይ አላየሁም። ቅጽ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ተማሪው የሚለፋው ለሚመዘንበት ነገር ስለሆነ ቅጹ ቢለወጥ ልፋቱም አብሮ ይለወጣል።

ከዓመታት በፊት በእኛ ቤት የተለማመደ አንድ ወጣት ነበር። በገላንና በዱከም አካባቢ ላሞች የሚያረቡ ደንበኞቻችን የበቆሎ አገዳና ድርቆሽ የሚቆርጡበትን ማሽን ስንሠራ ሁለት ነገሮችን አስተዋለ። አንደኛው አገዳው የሚገባበት አፍ አጭር በመሆኑ ለሠራተኛው እጅ አደገኛ መሆኑ ነው፤ ይህን በቀናት ውስጥ አስተካከለው። ሁለተኛው ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የምንሠራው ስለት ቶሎ መደነዙ ነበር። እኛ ስለቱን በእሳት አግለን በዘይት እንነክራለን፤ ሙቀቱን የምንገምተውም በቀለሙ ነው። ወጣቱ በክፍል የተማረውን ይዞ፣ ብረቱ በምን ያህል ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ ቆይቶ እንደሚነከርና ከተነከረ በኋላ እንደገና በዝቅተኛ ሙቀት መሞቅ እንዳለበት አስረዳን። በዩኒቨርሲቲው ምድጃና የጥንካሬ መለኪያ ሞክሮ ያመጣቸው ስለቶች ከእኛዎቹ በግልጽ የተሻሉ ነበሩ። የመመረቂያ ጽሑፉንም በዚሁ ላይ ሠርቶ ጥሩ ውጤት አገኘ።

ከተመረቀ በኋላ ስለቱን ብቻ እያመረተ ለእኛና ለሌሎች ወርክሾፖች ሊያቀርብ አሰበ፤ እኔም እገዛሃለሁ አልኩት። ነገር ግን የመልቀቂያ ቅጹን (ክሊራንስ) ፈርሞ መታወቂያውን ከመለሰበት ቀን አንሥቶ ምድጃው ወዳለበት ክፍል መግባት አልቻለም። ኃላፊዎቹን ጠየቀ፤ ተማሪ ስላልሆነ አይቻልም ተባለ። ክፍያ ልክፈል ቢልም ገንዘቡ በየትኛው ደረሰኝ እንደሚገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ምድጃ ለመግዛት ብድር ጠየቀ፤ መያዣ አልነበረውም። ዛሬ በአንድ የግል ድርጅት በሽያጭ ሠራተኝነት ተቀጥሯል። ሥራ አግኝቷልና በመንግሥት መዝገብ ከሥራ አጦች አይቆጠርም፤ ያ ዕውቀት ግን ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋር በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ቀርቷል፣ እኛም ዛሬ ስለታችንን የምንነክረው ሙቀቱን በዓይናችን እየገመትን ነው።

ወርክሾፖቹ የሚቆለፉት ሰዎቹ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንድ ማሽን በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ሆኖ በአንድ ሰው ስም ሲመዘገብ፣ ቢሰበር ወይም ዕቃው ቢጎድል የሚጠየቀው ያ ሰው ነው፤ ማሽኑ በሥራ ብዛት አርጅቶ ቢጠገን ግን የጥገናው በጀት ቀድሞ አልተያዘም። ቁልፉን የያዘው ባለሙያ ማሽኑ ሲሠራ የሚያገኘው ጥቅም የለም፤ ሲበላሽ የሚደርስበት ተጠያቂነት ግን አለ። በዚህ ሁኔታ ውስጥ ማንም አስተዋይ ሰው ቢቆልፍ አይፈረድበትም። ስለዚህ መፍትሔው የሚጀምረው ከንብረት አስተዳደሩ መመሪያ ነው፦ ማሽኑ በሰዓት የሚከፈልበት ተመን ይውጣለት፣ ገቢው ለዚያው ወርክሾፕ ጥገናና ለባለሙያው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ይዋል፣ ተመራቂዎችም ከምረቃ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የሚያገለግል መግቢያ ካርድ ይሰጣቸው። ቅዳሜና የዕረፍት ወራት ብቻ እንኳ ቢከፈቱ ለጀማሪዎች ትልቅ እፎይታ ነው።

ይህ በአፍሪካ ውስጥ ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። በጋና ኩማሲ ከተማ የሚገኘው የክዋሜ ንክሩማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1972 የቴክኖሎጂ አማካሪ ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ ሪፖርት በመጻፍ አልተወሰነም፤ በግቢው ውስጥ ብሎን የሚያመርት አነስተኛ ክፍል ከፍቶ እያመረተ ሸጠ፣ ሠራተኞችንም አሠለጠነ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ከግቢው ወጥቶ፣ ሱዋሜ ማጋዚን በሚባለው በርካታ ጋራዦችና ብረት ቤቶች በተሰባሰቡበት ሰፈር ውስጥ ወርክሾፕ ከፈተ። የሰፈሩ ባለሙያዎች ቶርኖና ፍሬዛ የተባሉትን የብረት መቅረጫ ማሽኖች መጠቀምን በዚያ ተማሩ፤ ያገለገሉ ማሽኖች ከውጭ እየመጡ የራሳቸውን ቤት ለሚከፍቱ ሰዎች የሚደርሱበት መንገድም ተመቻቸ። ዩኒቨርሲቲው ሙያተኛውን ወደ ግቢ ከመጥራት ይልቅ ሙያተኛው ወዳለበት ሄደ።

የእኛ አካባቢ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ የተመቸ ይመስለኛል። አቃቂ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ዘመን ጀምሮ የኢንዱስትሪ ሰፈር ነው፤ የመለዋወጫ ዕቃዎችና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካም እዚሁ ተተክሏል፤ በቃሊቲና በገላን መስመር የተሰለፉት ብረት ቤቶች፣ ቶርኖ ቤቶችና ጋራዦች ብዙ ናቸው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በቂሊንጦ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚከፍቱትና የሰፈሩ ባለሙያ፣ ተማሪውና አዲስ ተመራቂው ጎን ለጎን የሚሠሩበት አንድ ወርክሾፕ በዚህ መስመር ላይ ቢኖር፣ የምድጃና የመለኪያ አገልግሎቱን ገንዘብ ከፍሎ ለመጠቀም የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ግዥው ልለፍ። አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ያኖራል፣ ይመግባል፣ ያስተምራል። አልጋ፣ ሎከር፣ ወንበር፣ የመስኮት መስታወት፣ የቧንቧ ጥገና፣ ዳቦ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የደንብ ልብስ፣ ኅትመት፣ የኮምፒዩተር ጥገናና ሶፍትዌር በየዓመቱ ይገዛል። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ደንበኛ በቅርቡ አይገኝም። ነገር ግን የጨረታ ሰነዱ ሲወጣ በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ተመሳሳይ ሥራዎችን የመልካም ሥራ አፈጻጸም ማስረጃ ይጠይቃል። አዲስ ተመራቂ ማስረጃውን ለማግኘት ሥራ ያስፈልገዋል፤ ሥራውን ለማግኘት ማስረጃ ይጠየቃል። የግዥ ሥርዓታችን ለአነስተኛና ጥቃቅን ተቋማት ልዩ አስተያየት የሚያደርግ ነው፤ የጨረታ ማስከበሪያን በአደራጃቸው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እስከመተካት ድረስ ተፈቅዶላቸው ሲሠራበት ቆይቷል። ሆኖም የጨረታው መጠን ሲበዛ ይህ አስተያየት ብቻውን አይጠቅምም፤ የአንድ ሺህ አልጋ ሥራን ሦስት ተመራቂዎች በአንድ የብየዳ ማሽን ሊጫረቱበት አይችሉም።

የምጠይቀው ዩኒቨርሲቲዎች ከሕግ ውጭ እንዲገዙ አይደለም። ከአልጋው ትዕዛዝ ላይ ሃምሳውን፣ ከወንበር ጥገናው የአንድ ሕንፃውን ለብቻው ከፍለው በተማሪዎችና በአዲስ ተመራቂዎች መካከል ብቻ ቢያወዳድሩ፣ ጥራቱንም የራሳቸው የምህንድስና መምህራን ቢቆጣጠሩት፣ ያ ወጣት በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ሲጫረት የሚያሳየው ደብዳቤ ይኖረዋል። በመምህሩ ፊት የተሠራ አልጋ ስህተቱ በግልጽ ይታያል፤ ተማሪው ስህተቱን አርሞ ገንዘቡን ሲቀበል ደግሞ ከማንኛውም ሥልጠና የሚልቅ ትምህርት ያገኛል። እዚህ ላይ ስለ ክፍያ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። የመንግሥት ክፍያ በቢሮክራሲ ምክንያት ሲዘገይ ነባር ነጋዴ ከሌላ ሥራው እያዛወረ ይቆያል። ጀማሪው ግን ብረቱን በዱቤ ወስዶ፣ የረዳቱን ደመወዝ ተበድሮ ከፍሎ ስለሚጠብቅ፣ የወራት መዘግየት ድርጅቱን ያዘጋዋል። ዩኒቨርሲቲው ቅድሚያ ክፍያ ሊሰጠው፣ ቀሪውንም ሥራውን በተረከበ በአንድ ወር ውስጥ ሊከፍለው ካልቻለ ሥራውን ባይሰጠው ይሻላል።

ተማሪ ገና ስለሆነ እውነተኛ አገልግሎት ሊሰጥ አይችልም የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በየሕግ ትምህርት ቤቱ ያሉት የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ግን የሚሠሩት በተማሪዎች ተሳትፎና በመምህራን ክትትል ነው፤ አቅም የሌለው ሰው አቤቱታው ይጻፍለታል፣ ምክርም ያገኛል። ሐኪሞቻችንም ከመመረቃቸው በፊት በሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እያዩ ነው የሚያልፉት። የሰው ሕይወትና የሰው መብት በክትትል ሥር ለተማሪ አደራ የሚሰጥ ከሆነ የዶርም አልጋና የካፌ በር የማይሰጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ሁሉም ተመራቂ ነጋዴ ይሁን ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። አብዛኛው ሰው ተቀጥሮ መኖሩ በየትኛውም አገር ያለ ነው፤ ሥራ ፈጠራ ለማይመቸው ወጣት በግድ ሲሰበክለት ራሱን እንደ ሰነፍ መቁጠር ይጀምራልና ይህ ያሳዝነኛል። ለመቀጠር የሚፈልገውም ቢሆን የሚጎድለው ያው የተሠራ ሥራ ማስረጃ ነው። «የሥራ ልምድ 0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ስንት ሰው እንደሚሰለፍ ሁላችንም አይተናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ዕጩ ተመራቂዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና የትምህርት ጥራትን ለመጠበቅ አስፈላጊ ነው ብዬ እደግፈዋለሁ። ወደ እኛ ከሚመጡት ተማሪዎች እንደምሰማው ግን የመጨረሻው ሴሚስተር በጥያቄ ልምምድ እየተያዘ ለመመረቂያ ሥራ የሚቀረው ጊዜ ጠቧል። እኔ ሠራተኛ ስቀጥር የፈተና ውጤቱን አይቼ አልቀጥርም፤ ሠርቶ ያቆመውን ነገር አሳየኝ እላለሁ፤ ብዙ ቀጣሪዎችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ አምናለሁ።

ተማሪን ከክፍል አውጥቶ በእውነተኛ ሥራ ላይ ማሰማራት በአገራችን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ፣ አብዛኞቹ በመምህርነት፣ እንዲያገለግሉ ያደርግ ነበር። ተማሪው ዓመቱን ሙሉ በኃላፊነት ሠርቶ ነበር ወደ ክፍሉ የሚመለሰው። የዛሬው የአንድ ሴሚስተር ልምምድ ከዚያ አንጻር አጭር ነው፤ ሌሎች የትምህርት መስኮች ደግሞ ይህንንም ያህል አያገኙም።

በሶፍትዌሩ ዘርፍ የሚታየው ውጤት የእኔን ሐሳብ ያጠናክራል ብዬ አምናለሁ። አይስ አዲስ የተሰኘው የፈጠራ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ልደታ ከሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ጋር ተያይዞ ነበር፤ ወጣቶቹ ጠረጴዛ፣ ኢንተርኔትና አብሯቸው የሚሠራ ሰው አገኙ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተጀመረው ኤ ቱ ኤስ ቪ (A2SV) የተባለው የሥልጠና ፕሮግራም ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለወራት በየዕለቱ የፕሮግራሚንግ ጥያቄ እያሠራ፣ እንደ ጉግልና ብሉምበርግ ባሉ ድርጅቶች እስከመቀጠር አድርሷቸዋል። በሁለቱም ዘንድ ተማሪው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ተለማምዷል። ለኮምፒዩተር ተማሪ መሣሪያው አንድ ላፕቶፕ ስለሆነ ነገሩ ይቀላል፤ ብረት፣ ምግብ፣ ቆዳ ወይም መድኃኒት የሚያጠናው ግን መሣሪያውን በቦርሳው ይዞ ሊወጣ አይችልም። የዩኒቨርሲቲው እገዛ ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።

ሕጉ በብዙ በኩል ተሻሽሏል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲውል አድርጓል፣ ለስታርትአፖችም በ2017 ዓ.ም. ራሱን የቻለ አዋጅ ጸድቋል። በ2009 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር የተቋቋመው የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም ይታወሳል። እኛ ባለንበት የከተማ ዳርቻ ግን ከገንዘቡ በፊት የሚመጣ አንድ እንቅፋት አለ። ወጣቱ የሚያድረው በሸገር ከተማ፣ በገላን ሊሆን ይችላል፤ የሚሠራበት ቤት በአቃቂ ቃሊቲ፣ የተማረው በሌላ ክልል ነው። ለመደራጀትም ሆነ የመሥሪያ ቦታ ለማግኘት የነዋሪነት መታወቂያ ሲጠየቅ በሁለቱም አስተዳደር ዘንድ እንግዳ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲዎች ለተመራቂዎቻቸው በግቢያቸው ውስጥ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት የሚያገለግል የንግድ አድራሻና ጠባብ የመሥሪያ ክፍል ሰጥተው፣ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ያንን አድራሻ እንዲቀበል ቢስማሙ፣ ይህ እንቅፋት በአንድ የመግባቢያ ሰነድ ሊቃለል የሚችል ነው። የወጪ መጋራት ክፍያውን እስኪያጠናቅቅ ዋናው ዲግሪ ስለማይሰጠው ተመራቂም እንዲሁ መታሰብ አለበት፤ የራሱን ሥራ ለጀመረ ወጣት ክፍያው ገቢ ማግኘት ከጀመረ በኋላ በየወሩ የሚከፈልበትና ማስረጃው የማይያዝበት መንገድ ቢፈለግ መልካም ነው።

በመጪው የትምህርት ዘመን ተማሪዎችን ለልምምድ የምትልኩ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከትብብር ደብዳቤው ጋር የአማካሪውን ስም፣ የስልክ ቁጥርና በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣበትን ቀን ጽፋችሁ ብትልኩልን፣ በእኛ በኩል ለእያንዳንዱ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋጋ አውጥቶ፣ ሠርቶ፣ ለደንበኛ የሚያስረክበው አንድ ሥራ አዘጋጅተን እንጠብቃለን። የመኖ መቁረጫ ስለት የሚያጠነክር ተመራቂ ደግሞ ምድጃ የሚያገኝበት በር ከተከፈተለት፣ ለአንድ ዓመት የሚያስፈልገንን ስለት ከእሱ ለመግዛት ውል ለመፈረም ዝግጁ ነኝ። የሚመለከተው ክፍል በዝግጅት ክፍላችሁ በኩል ቢያገኘኝ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ የብረታ ብረት ሥራ ድርጅት ባለቤት
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ